የተቀባ ፊት ምስክር ይሆናል? በአይዳ ሙሉነህ ሥራ ላይ የተነሳው ክርክር

ሰሞኑን በአንድ የፎቶ አንሺዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ የውይይት ክር ብዙ ሰው ተረባርቦበታል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁላችሁም ጊዜ ላይኖራችሁ ይችላል፤ መሃል ላይ ያለው ንትርክም ያደክማል። ስለዚህ የተባለውን በተራ ልንገራችሁ። ሐሳቤንም በየመሃሉ እጨምራለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ይገደኛል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. ያልኩበት ብቻ የእኛ ነው።

ክሩን የከፈተው ለጋዜጣ የሚሠራ ወጣት ፎቶ አንሺ ነው። የጻፈው ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ውሃን በተመለከተ ስለሠራቻቸው ፎቶዎች ነው። ያየናቸው እናውቃቸዋለን። ፊታቸው የተቀባ ሴቶች፣ ቀይና ሰማያዊ ልብስ ለብሰው፣ የውሃ መቅጃ ይዘው ዳሎል ላይ ቆመዋል። ልጁ ውበቱን አልካደም። ክሱ ሌላ ነው። አፋር ውስጥ ውሃ ፍለጋ የምትሄድ ሴት እንዲህ አትለብስም፣ ፊቷንም አትቀባም። ሞዴሏ ቀረጻው ሲያልቅ ቀለሙን ታጥባ ትሄዳለች። ውሃ ቀጂዋ ግን ነገም ያንኑ መንገድ ትመለስበታለች። ስለዚህ ይሄ ፖስተር እንጂ ዶክመንታሪ አይደለም ባይ ነው። ከዚያ ጥያቄውን አስከተለ። በዜና ፎቶ ያደገ ሰው ቀለም፣ አልባሳትና መድረክ ደባልቆ መሥራት ሲጀምር ምስክርነቱ አብሮት ይቀጥላል ወይስ እዚያው ያበቃል? ያለ ስድብ እንወያይ ብሎ ለምኖ ጨረሰ። ልመናው እስከ 8ኛው ምላሽ ድረስ ሠርቷል።

1ኛው ምላሽ የአንዲት የሥዕል መምህርት ነበር። ለጥያቄው አመስግና ግማሽ በግማሽ ተስማማች። ፎቶዎቹን ክፍል ውስጥ ታሳያለች። ተማሪዎቿ ሁሌም ይደነቃሉ፣ ግን የሚጠይቋት ስለ ቀለሙ ነው። ስለ ውሃው የጠየቃት ተማሪ ብዙም አላጋጠማትም። በዚህ በኩል የልጁ ስጋት መሬት የረገጠ ነው ብላለች። እኔም ይህን ምላሽ ቀላል አድርጌ አላየውም። ክፍል ውስጥ የታየ ነገር ነው የነገረችን።

2ኛው እርማት ይዞ መጣ። ልጁ ሥራው ለአዲስ ፎቶ ፌስት የተሠራ አስመስሎ ጽፎ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ፎቶዎቹን በ2018 ያሠራው በውሃ አቅርቦት ላይ የሚሠራው ዋተርኤድ ነው። 12 ናቸው። በ2019 መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ለንደን ውስጥ ሰመርሴት ሃውስ ታይተዋል። አዲስ ፎቶ ፌስት ሌላ ነው፤ አይዳ በ2010 አዲስ አበባ ላይ የጀመረችው፣ በየሁለት ዓመቱ ሲዘጋጅ የቆየ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ነው። 2ኛው አንድ ነገር ጨመረ። ሥራው የዜና ፎቶ ሆኖ አልቀረበም፣ እንዲህ ተቀባብቶና ተዋቅሮ የቀረበ ሥራ ተመልካቹን ዜና ነኝ ብሎ ሊያታልለው አይችልም አለ። ይህን ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

3ኛው ስለ አይዳ ታሪክ ጻፈ። አዲስ አበባ በ1974 ተወለደች። ልጅ ሳለች ወጥታ በየመን፣ በእንግሊዝ፣ በቆጵሮስ አልፋ ካናዳ ደረሰች። ዋሺንግተን ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረች፣ በ2000 ተመረቀች። ዋሺንግተን ፖስት ላይ ፎቶ ጋዜጠኛ ሆና ሠርታለች። በ2007 በማሊዋ ባማኮ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ትርኢት (ቢያናሌ) የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት ወሰደች። በዚያው ሰሞን ወደ አገሯ ተመለሰች። በቀለም የተሞሉት ሥራዎች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። አያቷ ዓለም ዘጠኝ ናት እያሉ ከሚነግሯት ተነስታ በ2016 አንድ ተከታታይ ሥራ አውጥታለች፤ በ2018 ደግሞ ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም (ሞማ) በአዳዲስ ፎቶግራፍ ዐውደ ርዕዩ ካሳያቸው አርቲስቶች አንዷ ነበረች። 3ኛው ይህን ሁሉ የደረደረው ለአንድ ነጥብ ነው። ሴትዮዋ ዶክመንታሪ መሥራት አቅቷት አይደለም ቀለም ያነሳችው። ጋዜጣ ላይ ሠርታ፣ የጋዜጣ ፎቶ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል አይታ ነው።

4ኛው ምላሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንዲት እናት ናት የጻፈችው። ድምጿ ከቀደሙት ይለያል፣ ቁጣ አለበት። በ1984 አሜሪካ ትምህርት ቤት ነበረች። ከየት ነሽ ተብላ ኢትዮጵያ ስትል የክፍል ጓደኞቿ የምሳ ዕቃቸውን ይገፉላት ነበር። ያ ሁሉ የመጣው ከኮረም ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የኬንያው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ በቢቢሲ የዘገበው የረሃብ ምስል ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ለእኛ ዶክመንታሪ ማለት አንድ ዓይነት ፎቶ ሆነ አለች። ዝንብ የወረረው ፊት፣ የተዘረጋ እጅ። ቀና ብላ የቆመች፣ ተመልካቹን በዓይኗ የምትገጥም ኢትዮጵያዊት በሎንዶን ግድግዳ ላይ ስታይ ምን እንደተሰማት ለልጁ ማስረዳት እንደማትችል ጻፈች። አይዳም ካናዳ ያደገችው በዚያው ዘመን ነው። የአገሯ ምስል ረሃብ ብቻ ሆኖ ማየቷ በሥራዋ ላይ ያሳደረውን በተለያየ ጊዜ ተናግራለች።

5ኛው የከፋቹ ልጅ መልስ ነው። እህቴ ብሎ ጀመረ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ግን አልተረታም። የኮረም ምስል ባይወጣ ኖሮ ያ ሁሉ እርዳታ አይመጣም ነበር። ክብር የሚነካ ፎቶ ሕይወት ቢያተርፍስ? ከባድ ጥያቄ ነው። ደግሞም ትክክል ነው፤ አሚን ያን ቀን የተቀባ ነገር ቢያሳይ ማንም አይሰማውም ነበር። ለአስቸኳይ ነገር የሚሆነው ያ ዓይነት ፎቶ ነው። የውሃ ጉዳይ ግን የአንድ ሳምንት ዜና አይደለም። በየዓመቱ ያለ ነገር ነው፣ ሰዉም ምስሉን ከመልመዱ የተነሳ ማየት አቁሟል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሌላ መንገድ መሞከር ስህተት አይመስለኝም።

6ኛውን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። የክሩ እምብርት ነው። የጻፈው ለረጅም ጊዜ ከውጭ ፎቶ አንሺዎች ጋር በአስተርጓሚነትና በሾፌርነት የሠራ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የእርዳታ ድርጅት ፎቶ አንሺ ይዞ ገጠር ይወጣል። ድርጅቱንም ቦታውንም አልጠራም። መንገድ ላይ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ያገኛሉ። ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ላስቲክ ጫማ አድርጋለች፣ ደብተር ይዛለች። ፎቶ አንሺው ጫማዋን እንድታወልቅ እንዲነግራት አዘዘው። ደብተሩን አስቀመጡት። ከአንድ ቤት ጀሪካን ተዋሱና አሸከሟት። ልጅቷ እየሳቀች ታዘዘች። ከወራት በኋላ ፎቶው በአንድ በራሪ ወረቀት ላይ ወጣ። ከስሩ ልጅቷ በየቀኑ በባዶ እግሯ ውሃ ፍለጋ እንደምትሄድና ትምህርት ቤት ገብታ እንደማታውቅ ተጽፏል። ፊቷ ላይ ምንም ቀለም አልነበረም። ብርሃኑም የተፈጥሮ ነው። የትኛውም ዳኛ ዶክመንታሪ ብሎ ያሳልፈዋል። ሰውየው ትእዛዙን የተረጎምኩት እኔ ነኝ ብሎ፣ እስካሁን እንደሚከነክነው ጽፏል።

ይህን ሳነብ የልጁ ጥያቄ መቀመጫው እንደተሳሳተ ታየኝ። ውሸቱ ያለው ቀለሙ ላይ አይደለም። አሠራሩን መደበቅ ላይ ነው። የአይዳ ሴት ፊቷ ላይ ያለው ቀለም እዚህ ላይ ሰው ሠራሽ ነገር አለ እያለ ገና ከሩቅ ይናገራል። የበራሪ ወረቀቷ ልጅ ጫማ ግን ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። ማንም አያየውም።

7ኛው ክሩ በዚህ ይዘጋ አለ። 8ኛው ደግሞ ለታሪኩ ማስረጃ ጠየቀ። ስም የለ፣ ቦታ የለ፣ ወረቀቱ የለ፤ ማንም ተነስቶ ሊጽፈው የሚችል ነገር ነው አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር። ማስረጃ መጠየቁ ግን ጥፋት የለውም። አስተርጓሚው አልመለሰለትም። ሌሎች ሁለት ሰዎች እነሱም ተመሳሳይ ነገር እንዳዩ ከስር ጽፈውለታል።

9ኛው አንድ ታላቅ ሰው ናቸው። አጻጻፋቸው ያስታውቃል። ወጣቶች የ1967 ዓ.ም. መስከረምን ረስታችኋል ወይስ አልተነገራችሁም ብለው ጀመሩ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 ወሎ ሄዶ ረሃቡን ቀረጸ። ፊልሙ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ታየ። እዚህ የታየው ግን ሌላ ነገር ነው። ደርግ የወሎውን ምስል ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አስቀጠለው፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ለቀቀው። እዚህ የሚሞት ሕፃን፣ እዚያ የሚቆረስ ኬክ። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። በኢትዮጵያ ታሪክ ትልቁ ኮላዥ፣ ማለትም ተቆራርጦ የተገጣጠመ ምስል፣ ይሄ ነው አሉ። ሠሪውም ሰዓሊ አልነበረም።

እሳቸው ሳያብራሩ ያለፉትን ልጨምር። የወሎው ምስል እውነት ነው። የድግሱም ምስል እውነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መቀስ ግን ሦስተኛ ነገር ወለደ፤ ድግሱና ሞቱ በአንድ ሰዓት የሆኑ ያህል ተሰማ። ያን ማታ ያየ ሰው መቀሱን አላየም። አሁን የአርት ጋለሪ ውስጥ ሁለት ፎቶ ተቆርጦ ጎን ለጎን ሲለጠፍ ሚክስድ ሚዲያ (የተደባለቀ ሥራ) ነው እንላለን፣ መቆረጡም ይታያል፣ ሙጫውም ይታያል። በቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ዶክመንታሪ ብለን ተቀበልነው። የረሃቡን መደበቅ ለማቅለል አይደለም ይህን የምለው። ተደብቆ ነበር፣ መጋለጥም ነበረበት። ግን የትኛው ምስል ይበልጥ ሊያሳስበን እንደሚገባ ልጁ እንዲያስብበት እፈልጋለሁ።

10ኛው የእሳቸውን ሐሳብ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። የልጅ ኢያሱን ነገር አነሳ። በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱት ጥምጥም አስረው በሚያሳይ የተቀናበረ ፎቶ ምክንያት ነው ብሎ እንደተረጋገጠ አድርጎ ጻፈ። 11ኛው ተነሳበት። ፎቶው ነበረ የሚባለው ታሪክ በሰፊው ይወራል እንጂ ማን ሠራው፣ ምን ያህልስ ሚና ነበረው የሚለው አከራካሪ ነው፤ መኳንንቱና ቤተ ክህነቱ ሌላ ብዙ ምክንያት ነበራቸው አለ። እርማቱ ተገቢ ነበር። ግን 11ኛው በዚያ አላበቃም። የ10ኛውን ትምህርት ደረጃ አነሳ። 10ኛው ደግሞ የ11ኛውን ብሔር። 12ኛውን መድረክ አስተባባሪው አጠፋው፣ ስለዚህ ምን እንደነበረ አላውቅም። 13ኛው የአስተባባሪው ማስጠንቀቂያ ነው።

ከዚያ 14ኛው መጣና ወሬውን ወደ ሥራው መለሰው። እኔ ከጅምሩ ሚካኤል ፀጋዬን ማን ያነሳው ይሆን እያልኩ ነበር። አነሳው። ሚካኤል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ በ2002 ተመረቀ። ከዚያ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበት። ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ አነሳ። የፈረሱና የሚፈርሱ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ያነሳበት ተከታታይ ሥራ አለው። ግድግዳው የተገመሰ ቤት፣ ቆርቆሮ፣ ከበስተጀርባ የሚወጣ ፎቅ። በመቃብር ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ የበላቸው ፎቶዎችንም አንስቷል። 14ኛው የሚለው ይህ ነው። በአይዳ ሥራ ሰው እጁን አስገብቶ ቀለም ቀባ። በሚካኤል የመቃብር ፎቶዎች ግን ቀለሙን የቀየረው ዝናቡ ነው። ሚካኤል ያንን ብቻ መዘገበ። ውጤቱን አይቶ ግን የሥዕል ተማሪ የነበረ ሰው ዓይን እንዳነሳው የማይገባው የለም። ስለዚህ ሰዓሊና ዶክመንታሪ ፎቶ አንሺ በአንድ ሰው ውስጥ መኖር ይችላሉ፣ ማንም ማንንም ሳይጨቁን። ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው።

15ኛው አጭር ነበር፤ ብዙ ሰው የወደደው ግን እሱን ነው። ዶሮ ማነቂያ ያደገ ልጅ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሰፈሩም ሄደ። ቤታቸውን ፎቶ ያነሳ የለም። የቀረለት የታናሽ እህቱ የልደት ፎቶ ብቻ ነው፤ ከኬኩ ኋላ የሳሎኑ ግድግዳ ትንሽ ይታያል። ሚካኤል ያነሳቸው ውስጥ ሰፈሩ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። 16ኛው ካዛንቺስ ነበርኩ አለ። በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ካሜራ ይዞ ወጥቶ ነበር። ፈቃድ አለህ ተብሎ ተመለሰ። ከስሩ ሦስት አራት ሰው በመንገድ ላይ ፎቶ ሲያነሳ መከልከሉን፣ ካርዱን አጥፋ መባሉን፣ ደብዳቤ አምጣ መባሉን ጻፈ። ከርዕሱ ወጥተዋል ብሎ አንዱ ወቀሳቸው። እኔ አልወጡም ባይ ነኝ። ካሜራ ይዞ መውጣት እንዲህ ከከበደ አርቲስቱ ስቱዲዮ ገብቶ ቀለም ቢያነሳ ምን ይገርማል? ለቀለሙ የአይዳ ምክንያት ይሄ ነው ማለቴ አይደለም። እዚህ ለሚሠራ ወጣት ግን አንዱ ምክንያት ነው።

ያን ጊዜ 19ኛው ስልክ ይበቃል ብሎ ግርማ በርታን ጠቀሰ። ራሱን በራሱ ያስተማረ ልጅ ነው። በአይፎን የአዲስ አበባን መንገደኞች ያነሳል፤ ሊስትሮ፣ ተሸካሚ፣ ነጠላ የለበሱ እናት። ከዚያ ከመንገዱ ቆርጦ ያወጣቸውና ከነጥላቸው ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ ያቆማቸዋል። በ2016 ከጌቲ ኢሜጅስና ከኢንስታግራም የዶክመንታሪ ድጋፍ አሸንፎበታል፤ 10,000 ዶላር።

ይህ የከፋቹን ልጅ እንደገና አስነሳው። 20ኛው የእሱ ነው፣ በዚህ ጊዜ ሹል ሆኗል። መንገድ የሌለው ሊስትሮ ምን ማለት ነው? ሊስትሮው የተቀመጠው የሆነ ባንክ ደጃፍ ነው፣ ያ ደጃፍ ነው ታሪኩ አለ። 21ኛው በዚያው ስለት መለሰለት። ደጃፉ ስላለ ነው ለዓመታት ሊስትሮውን ሳናየው ያለፍነው።

22ኛው ለእኔ የክሩ ምርጥ ምላሽ ነው። አንዲት ልጅ ናት፣ ፎቶ አንሺ አይደለችም፣ ኪነ ሕንፃ ነው የምትማረው። ሁለቱን አስተያየች። አይዳ ቦታውን እንዳለ ትታ ሰውን ቀየረች። ዳሎል የእውነት ዳሎል ነው፤ ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ፣ በሙቀቱ የታወቀ፣ ውሃው የማይጠጣ ምድር። እዚያ መቅጃ ይዞ መቆም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን አይናገርም ነበር። ግርማ ደግሞ ሰውን እንዳለ ትቶ ቦታውን አነሳ። ልብሱ፣ ሸክሙ፣ አካሄዱ የሰውየው ነው፣ ማንም አልነካውም። እያንዳንዳቸው አንዱን በእጃቸው ነክተው ሌላውን ሳይነኩ ትተዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ተቀነባብሯል ወይ ሳይሆን ያልተነካው የትኛው ነው፣ ያስ ምን ይመሰክራል ነው ብላለች። ይህን ዓይነት አስተያየት በዐውደ ርዕይ መጽሔቶች ላይ እንኳ አላነበብኩም። ልጁም ወደደው። አልተስማማም፣ ግን ወደደው።

23ኛው አርቲስቱን ኤልያስ ስሜን አመጣ። እሱ ካሜራ አይዝም፣ ስለዚህ እዚህ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ሰውየው ጥሩ ምክንያት ነበረው። ኤልያስ ከመርካቶ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሰበስባል፤ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ሽቦ፣ የኪቦርድ ቁልፍ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ እንጨት ላይ ይደረድረዋል። ከሩቅ ከሰማይ የታየ እርሻ ወይም ከተማ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሰው የተጠቀመበት ዕቃ ነው። 23ኛው ይህ ራሱ ዶክመንት ነው ይላል፤ ፎቶ የነገሩን ምስል ያመጣል፣ ኤልያስ ነገሩን ራሱን። 24ኛው ቆሻሻ በሚሊዮን የሚሸጥበት ዘመን ብሎ አጣጣለው። 25ኛው ደግሞ በ2019 ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ የከፈቱትን ዞማ ሙዚየም ሄደህ እየው፣ ከዚያ ተመልሰህ ጻፍ አለው። በጭቃና በጭድ የተሠራውን ግድግዳ በእጁ የነካ ሰው ቆሻሻ አይልም። ለ25ኛው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

26ኛው ካሜራ የሚሸጥ ነበር። ዋጋ ጽፏል። አስተባባሪው ወደ ሌላ ክፍል አዛወረው።

27ኛው የፎቶ ውድድር ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ክርክሩን ከአገር ውጭ አወጣው። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንጅ በ1936 ያነሳችው የስደተኛዋ እናት ፎቶ ከዶክመንታሪ ሁሉ የታወቀው ነው። ጥግ ላይ የነበረ አውራ ጣት ግን በኋላ እንዲጠፋ ተደርጓል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ስቲቭ መከሪ በ2016 ፎቶዎቹ በኮምፒውተር መነካካታቸው ሲጋለጥ ራሱን ፎቶ ጋዜጠኛ ሳይሆን በምስል ታሪክ ነጋሪ ነኝ አለ። ከሁሉ የሚገርመው ወርልድ ፕረስ ፎቶ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶ ውድድር የ2015ቱ ጉዳይ ነው። አንድ ጣሊያናዊ ስለ ቤልጅየሟ ሻርለርዋ ከተማ በሠራው ተከታታይ ፎቶ አሸነፈ። ከፎቶዎቹ አንዱ የተቀናበረ ነው ተብሎ ተከሰሰ። ውድድሩ በዚያ ሽልማቱን አልነሳውም። የነሳው ከፎቶዎቹ አንዱ ሻርለርዋ ሳይሆን ብራስልስ ውስጥ የተነሳ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ከስሩ የተጻፈው ስለዋሸ። ከ2022 እስከ 2024 ደግሞ ያው ውድድር የተደባለቁ፣ የተቀናበሩ ሥራዎች የሚገቡበት ክፍት ምድብ ነበረው። አሠራሩ መገለጽ ነበረበት እንጂ በሩ ተከፍቶ ነበር።

ይህ ለእኔ የ6ኛውን ታሪክ አጠናከረው። የልጅቷ ጫማ መውለቁ አንድ ጥፋት ነው። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም የሚለው ጽሑፍ ግን የባሰው ነው፣ ምክንያቱም ጫማ ላወለቀው ካሜራ መታመኛ የሰጠው እሱ ነው። ፎቶ ብቻውን ብዙ አይዋሽም። ከስሩ ያለው መስመር ሲያግዘው ነው የሚዋሸው። አገር ውስጥ ባሉ ዐውደ ርዕዮች ላይ ይሄ መስመር እንዴት ባዶ እንደሚተው አይታችኋል? ርዕስ፣ ዓመት፣ መጠን፣ በቃ። የት፣ ማን፣ ማን አሠራው የሚለው አይጻፍም። ለዚህ ሰበብ የለንም።

28ኛው የከፋቹ ልጅ ነው። ተረታሁ አላለም፣ ማለትም አልነበረበትም። ክሱን ግን አጠበበው። ቀለሙን ተውኩት አለ። አሁን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ፊቷን የሰጠችው ሴት ማን ናት፣ ሥራውንስ ማየት ችላለች ወይ? ለንደን ላይ የታየ ፎቶ አፋር ላይ ካልታየ ምስክርነቱ ለማን ነው? ጥያቄው የአይዳ ብቻ አይደለም፣ የእኔም ነው ብሎ ጋዜጣ ላይ ያወጣቸውን ሰዎች አሰበ። አብዛኞቹ ፎቷቸውን አላዩም።

ለዚህ ከዲሲ 29ኛው መለሰ። ሄሊና መታፈሪያን እዩ አለ። ትውልደ ኢትዮጵያዊት ናት፣ ኮላዥ ትሠራለች። ከሴት የመብት ታጋዮች ጋር ወርክሾፕ ታደርጋለች፤ ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ ፎቶ ይነሱና ትልልቅ ኮላዥ ላይ ይወጣሉ። ጭንቅላታቸው ላይ ከድሮ የሰላማዊ ሰልፍ ፎቶዎች ተቆርጦ የተሠራ ትልቅ አክሊል ይቀመጣል። የሚታየው ሰው ሥራው ውስጥ ከመጀመሪያው አለ ማለት ነው። 30ኛው ይህ ጥሩ ነው፣ ግን አፋር ውስጥ ወርክሾፕ ለማድረግ ማን ገንዘብ ይሰጣል ብሎ ጠየቀ። 31ኛው ገንዘብ አያስፈልግም፣ ፎቶውን አትሞ ይዞ መመለስ ይበቃል አለ። የማተሚያ ዋጋ ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። የት በርካሽ እንደሚታተም አድራሻ ተለዋወጡ።

35ኛው የ15ኛው ልጅ ነው፣ የዶሮ ማነቂያው። ከእንግዲህ እዚህ መድረክ ላይ ፎቶ የሚለጥፍ ሁሉ ቦታ፣ ቀን፣ የሰውየውን ስምና ምን እንደተነካ ይጻፍ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቀለም ከተቀባ ተቀባ ይባል። መደቡ ከተነሳ ተነሳ ይባል። ከፋቹ ልጅ ቀድሞ አራት ፎቶ ለጠፈ፣ ከነሙሉ መግለጫቸው። ሦስተኛው ላይ ስም የለም። 37ኛው ይሄው፣ ራስህ ጀመርክ ብሎ ያዘው። ልጁም ሴትዮዋ ስሟ እንዳይጻፍ እንደጠየቀችው መለሰ። 38ኛው እሱም ይጻፍ አለ። ልጁ መግለጫውን አስተካክሎ ጻፈው።